የሰይድን ድምፅ ይዤ ወደ አምባሰል

ከሐይቅ ከተማ የተነሳሁት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ጉዳዬ አንድ ነበር፤ ባሌ ሰይድ ከመሞቱ በፊት ከዓረብ አገር ለእናቱ የላከውን የመጨረሻ የድምፅ መልእክት ማድረስ። መልእክቱ የመጣው በእኔ ስልክ ነው። እንደ ልማዱ «ወጥተሽ አሰሚያት» ብሎኝ ነበር። ሳልወጣ መርዶው መጣ። ሰይድ እዚያው ተቀበረ። እኔም ባል የሞተባት ሴት የምትቀመጠውን ዒዳ ቤቴ ሆኜ ጨረስኩ፤ መልእክቱም አብሮኝ ተቀመጠ።

እናቱ እማ ዘሀራ ከውጫሌ በላይ አምባሰል ተራራ ላይ ነው የሚኖሩት። ያላቸው ትንሽ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ኢንተርኔት የለውም፤ እኔ ስልክ ላይ ያለውን ዓይነት ፋይልም አይከፍትም። የእኔ ስልክ ደግሞ የቻርጅ ማስገቢያው ተበላሽቶ አንድ ቀን በርቶ ሁለት ቀን ይጠፋል። ድምፁ ከስልኬ ጋር እንዲሞት አልፈለግሁም። እማ ዘሀራ እኔን ሳይጠብቁ፣ ባሻቸው ሰዓት ቁልፍ ተጭነው እንዲሰሙት ፈለግሁ።

እዚያው ከእናቱ ጋር የሚኖረው የሰይድ ታላቅ ወንድም ይመር ከመነሳቴ በፊት ደወለ።

«ፋጤ፣ የሞተ ሰው ድምፅ በየስልኩ አይንከራተት። ሰርዥው። እናታችን ገና አሁን መረጋጋቷ ነው።»

«አልሰርዝም ጋሼ።»

«ታላቁ እኔ ነኝ!»

«ታላቁስ አንተ ነህ። መልእክቱ ግን ያንተ አይደለም፤ የእናትህ ነው።»

እሱ ሲጮህ እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ ወጣሁ።

ከሐይቅ ወደ ውጫሌ

ሚኒባሱ እስኪሞላ ብዙ ጠበቅን። ረዳቱ መቶ ብር ተቀብሎኝ ከኋላ ወንበር፣ ዓሣ በማዳበሪያ ከያዘች ሴትዮ ጎን አስቀመጠኝ። ከከተማው ስንወጣ ሐይቁ በቀኝ በኩል ከባሕር ዛፎቹ መሀል ብቅ ይልና መልሶ ይሰወራል። ማሽላው ራስ አውጥቷል። ወፍ የሚጠብቁ ሴቶች ከማማ ላይ ሆነው መኪናውን ሳይቀር ይጮኹበታል።

ባለ ዓሣዋ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ። ባሌ መሞቱን፣ አማቴ ዘንድ እየወጣሁ መሆኑን ነገርኳት።

«ባልሽ ከሞተ አማት ምን ልታደርግልሽ? ገና ልጅ እኮ ነሽ። ኑሮሽን ኑሪ እንጂ!»

«እሳቸው ምንም አያደርጉልኝም። የማደርግላቸው እኔ ነኝ።»

«ወይ አንች! ምላስሽስ ባል አልሞተበትም» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ መሳቄ ነው። ለመንገድ ከቋጠረችው ቂጣ ቆርሳ ሰጠችኝ።

ውጫሌ፣ ረፋድ

የራህማ ሞባይል ቤት ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ነው። ራህማ ዓመታት ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ሴት ናት። በገበያ ቀን ከገጠር የሚመጣው ሰው ሚሞሪ ካርዱን እየሰጣት መንዙማና ዘፈን ትጭንለታለች። የሰይድን መልእክት አብረን አዳመጥን። ስትሰማው ዐይኗን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰች። እሷም በዚያ አገር ሆና እንዲህ ዓይነት መልእክት ስትልክ ኖራለች።

«ይኼ እንዳለ በቁልፍ ስልክ አይከፈትም፤ ወደ ኤም ፒ ስሪ እንለውጠዋለን። ሚሞሪውም ትንሹ ይሁን፤ አሮጌ ስልክ ትልቁን አያነብም። የፋይሉን ስም በአማርኛ ብንጽፈው ባዶ ሳጥን ነው የሚያሳየው፤ በቁጥር እንሰይመው።»

ለውጣ ስትጨርስ ከመሳቢያዋ አንድ አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልክ አወጣችና ሞከረችው። ጥቂት ተናግሮ ቀጥ አለ።

«ረዘመበት» አለች። «ሰውየውስ ሰላምታው አያልቅም እንዴ? አፈር ስሆን፣ ሰፈሩን በሙሉ እኮ ነው የሚጠይቀው! ቁም ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሰላምታውን ቆርጠን እናውጣው?»

እውነቷን ነበር፤ የመልእክቱ ግማሽ ሰላምታ ነው። እማ ዘሀራም ቁም ነገሩን ቶሎ ቢያገኙት ይሻላል ብዬ አሰብኩ። «ቁረጪው» አልኩ። ቆረጠችው፤ አሁን ሳይደናቀፍ ሄደ። ስልኬን እንድትጠግንልኝ ትቼላት፣ ጥፍር የምታህለውን ካርድ በመሐረብ ቋጥሬ ወጣሁ።

ሽቅብ

ባጃጁ መንገዱ እስካለቀበት አደረሰኝ። ከዚያ በኋላ እግር ነው። ቁልቋሉን፣ የድንጋይ ካቡን፣ ከጥልቁ ገደል ሽቅብ የሚመጣውን ነፋስ ከሰይድ ጋር ነበር የማውቃቸው። ያኔ እሱ ከፊት እየሄደ «ደረስን» እያለ ይዋሸኝ ነበር። ዘንድሮ የሚዋሸኝ አልነበረምና መንገዱ በልኩ ረዘመ።

አስር ሰዓት ገደማ ደረስኩ። እማ ዘሀራ አቅፈው አገላብጠው ሳሙኝ፤ እርጎ አቀረቡልኝ። አላለቀሱም። ከመርዶው ቀን ጀምሮ አላለቀሱም አሉ፤ «ሬሳውን ያላየሁትን ምን ብዬ ላልቅስ» ይላሉ። ይመር ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፤ ለሰላምታዬ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ጎረቤታቸው ሐዋም መምጣቴን ሰምታ ገባች።

ካርዱን ስልካቸው ውስጥ ከትቼ ቁልፉን ተጫንኩ።

«የዐይንሽን መድኃኒት እንዳታቋርጪ። ቆርቆሮውን ለክረምት አደርሰዋለሁ፤ በሬውን እንዳትሸጭው...»

እማ ዘሀራ ስልኩን ከጆሯቸው አራቁት።

«ማነው ይኼ?»

«ሰይድ ነው እማ።»

«አይደለም። የኔ ልጅ ሰላም ሳይለኝ ያዘኛል? ሰይድ እኮ ላሟን ሳይቀር ሳይጠይቅ ወሬ አይጀምርም!»

ይመር ከደጃፉ ተነሳ። «አላልኳችሁም? ዛሬ እኮ ስልክ የሰው ድምፅ ይሠራል። ከተማ ወርዳ አሠርታ መጣች።»

ፊቴ ጋለ። ያ ሁሉ ቀን ጠብቄው የኖርኩትን ድምፅ ሐሰተኛ አለብኝ። የሚያስረዳልኝ ዋናው ፋይል ደግሞ ውጫሌ፣ ስልኬ ውስጥ ነው።

«ሰላምታውን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ነገ ወርጄ አመጣዋለሁ።»

«ሁለተኛ በዚህ ነገር እዚህ ደጅ እንዳትመጪ» አለ ይመር።

«ጋሼ፣ ደጁ የእማ ነው። እሳቸው አትምጪ ካሉኝ እቀራለሁ።»

እማ ዘሀራ የስልኩን ቁልፍ በአውራ ጣታቸው አሹ። አትምጪ ግን አላሉኝም።

እንደገና ውጫሌ፣ እንደገና አምባሰል

ማለዳ ወርጄ ነገሩን ስነግራት ራህማ በሁለት እጇ ራሷን ያዘች። «ያ ረቢ! እኔም የወሎ ልጅ ሆኜ ሰላምታ እቆርጣለሁ?»

ስልኬ ተጠግኖ ነበር። ዋናውን መልእክት ከመጀመሪያው አንስታ፣ አንዲት ቃል ሳታስቀር፣ ዝም በሚልበት በሚልበት ቦታ ብቻ እየከፈለች በትናንሽ ፋይል አደረገችው። የድምፁን ጥራት ትንሽ ቀነሰችው፤ አሮጌው ስልክ እንዲችለው። እያንዳንዱን በተራ በቁጥር ሰየመችው፤ አንዱ ሲያልቅ ቀጣዩ በራሱ ይነሳል። ጉሮሮውን የጠረገበትን ልታወጣው ስትል እጇን ያዝኩት። «እሱም ይሄዳል» አልኳት።

ያንኑ ቀን መልሼ ወጣሁ። ይመር ደጃፉ ላይ ነበር። መንገድ አልለቀቀልኝም፤ በጎኑ አልፌ ገባሁ። ሐዋን አስጠራኋት። ካርዱን ከተትኩ፣ ተጫንኩ።

ሰይድ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አሰላሙ ዐለይኩም እማ። እንዴት ነሽ? ደህና ነሽ ወይ? ጉልበትሽ እንዴት ነው?»

«ወዐለይኩም ሰላም» አሉ እማ ዘሀራ። «አልሐምዱሊላህ ልጄ።»

«ላሟ ወለደች ወይ?»

«ወለደች። ጥጃዋ ቡሬ ናት።»

«ሐዋስ ደህና ናት? ከጎረቤት ጋር መጣላት ተወች?»

«አፈር ብላ!» አለች ሐዋ፤ ያለችውን ሰምታ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «አላህ ይዘንለት፣ አላህ ይዘንለት...»

«ጋሼስ? ከዛፍ የወደቀበት ጎኑ ተሻለው ወይ? እሱን አትከፊበት እማ፤ ይጮሃል እንጂ ልቡ አንቺ ጋ ነው።»

ወደ ደጃፉ ዞር ስል ይመር ጎኑን በእጁ ይዞታል። ሰው የማይሰማው መስሎት፣ «ተሽሎኛል» አለ።

«ፋጤ ትመጣለች ወይ? ትጠይቅሻለች?»

ይህን ቃል አውቀው ነበር። «ቁረጪው» ማለቴም ገርሞኛል። እማ ዘሀራ እጄን ፈልገው ያዙት።

«መጥታለች ልጄ። ሁለቴ ነው የመጣችው።»

ያኔ አለቀሱ። ይመር የፈራው ልቅሶ ይኸው መጣ፤ ቤቱም አልፈረሰም። እሱም መጥቶ ከእግራቸው ሥር ተቀመጠና አብሯቸው አለቀሰ።

ወደ ሐይቅ

በማግሥቱ ይመር መንገድ ድረስ ሸኘኝ። ባጃጁ ሲመጣ የራሱን ባለ ቁልፍ ስልክ ከኪሱ አወጣ።

«ለእኔም... ብሉቱዝ አለው ይላሉ።»

«ሰርዥው ያልከኝን መጀመሪያ መልስ።»

«መልሻለሁ አንች ክፉ!»

ራህማ ለሙከራ ስልኬ ላይ የተወቻቸውን ትናንሽ ፋይሎች ባጃጁን አስቁመን አንድ በአንድ ላክሁለት። ሹፌሩ አጉረመረመ፤ ይመር ጮኸበት።

ከሰዓት በኋላ ሐይቅ ገባሁ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ያሰጣሉ፤ ቤቴ እንደተውኩት ጭር ብሎ ቆየኝ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ትንሽ ነገር ነው። ለአሮጌ ስልክ ድምፅ ሲሰናዳ ይከፋፈል፣ ጥራቱ ይቀነስ፣ ስሙም ቁጥር ይሁን፤ ሰላምታ ግን አይወጣም። ሰው ልጁን የሚያውቀው በሰላምታው ነው።

ጎረቤቶቼ አሁንም «ይብቃሽ፣ ድምፁን አጥፊና እረፊ» ይሉኛል። ይበሉ። የሚመክረኝ ሰው መጀመሪያ ሰላም ይበለኝ፤ እኔን ይጠይቀኝ፤ ከዚያ ሰይድን በስሙ ጠርቶ ይጠይቀኝ። ያን ጊዜ ምክሩን እሰማለሁ። ድምፁን ግን አላጠፋም።