ፎርጅዱን ካሴት የፈታሁ ዕለት

ነቀምቴ ጨለለቂ ውስጥ ሞባይል እጠግናለሁ። ሴት ጠጋኝ መሆኔ ድሮ ሰውን ያስገርም ነበር። አሁን ለምደውኛል፣ ወይም ምላሴን ፈርተው ትተውኛል። ከስልኩ ሌላ አንድ አመል አለብኝ፤ ሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ጎርሰው የሚሠሩትን፣ ከጀርባቸው ካሴት የሚሰካባቸውን የድሮ የእጅ ጌሞች እወዳለሁ። እጄ የሚገቡት ካሴቶች አብዛኞቹ ፎርጅድ ስለሆኑ፣ እየተታለልኩ ኦርጅናሉን መለየት ተማርኩ። ይህ እውቀት የሰው ቤት ያፈርሳል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የሰፈራችን ሽማግሌ ራሳቸው ሱቄ ድረስ መጡ። እሳቸው ሲመጡ ነገር አለ ማለት ነው።

“ያ ኢንተላ ኮ፣” አሉኝ፤ ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው። “ካቻቢቴሽን ይዘሽ ነይ። አንድ ነገር ታይልናለሽ።”

ነገሩን ሰምቼዋለሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። ከሱቄ ጀርባ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ፤ አዮ እንላቸዋለን፣ እናታችን እንደማለት። አንድ ልጃቸው ጊዜው በከፋበት ወቅት በጊዳ አያና መንገድ ለሥራ ወጣ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ስልክ የለ፣ አስከሬን የለ። ከእሱ የቀራቸው ልብሱና አንድ የእጅ ጌም ነው። ጌሙን ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡታል እንጂ ማንንም አያስነኩም።

የጓሮ ክፍላቸውን የተከራየው ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነው። ታይፎይድ ሲጥለው አጥሚት ያጠጡት እሳቸው ናቸው። ተኝቶ መሰልቸቱን ሲያዩ ያንን ጌም ከቁም ሳጥን አውጥተው ሰጡት። ይህን ስንሰማ ሁላችንም ገረመን። ከሳምንት በኋላ ሲሻለው መለሰላቸው። እዚህ ላይ ቢያልቅ መልካም ነበር። ዳሩ ግን ከአዲስ አበባ የመጣ የወንድማቸው ልጅ ካሴቱን አገላብጦ፣ “ይሄማ ፎርጅድ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ” ብሎ ተሳፍሮ ሄደ። አዮ ደግሞ የልጃቸው ካሴት ኦርጅናል እንደነበር ያውቃሉ፤ በመጀመሪያ ደሞዙ ገዝቶ ራሱ ነግሯቸዋል። ስለዚህ ተከራዩ ቀይሮታል። ደጃፋቸው ላይ ቆመው፣ መንገደኛ እየሰማ፣ ሌባ አሉት።

በዚህ ጊዜ፣ በዚህ ከተማ፣ ልጅ በጠፋበት ቤት ውስጥ የጎጃም ሰው ሌባ ከተባለ ነገሩ የካሴት ብቻ አይደለም። ማንም ይህን አፍ አውጥቶ አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም፤ አያቴ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸው፣ ምን ብል ምን እንደምባል አውቃለሁ።

የሽማግሌው በረንዳ ላይ ሁለት ሌሎች ሽማግሌዎች፣ አዮና አስተማሪው ተቀምጠው ነበር። አስተማሪው ገና ከበሽታው አላገገመም፤ ኮሌታው ሰፍቶታል። ዛሬ ከተፈረደበት ቤቱን ለቆ፣ ስሙ ቀድሞት ትምህርት ቤት ሊገባ ነው። ያን ስም ይዞ እንዴት እንደሚያስተምር አላውቅም።

“ኦርጅናል ነው ወይስ ፎርጅድ?” አሉኝ ሽማግሌው ካሴቱን እየሰጡኝ።

እጄ ሳይገባ አይቼዋለሁ። ኦርጅናሉ ወረቀቱ ላይ በስሱ የተጫነ ቁጥር አለው፤ ወደ ብርሃን ዘንበል ሲደረግ ይታያል። ይህ የለውም። የኦርጅናሉ ብሎን ጭንቅላቱ ሦስት ክንፍ ነው፤ የዚህ ግን ተራ መስቀል ነው። ዓይን ስላለኝ አዘንኩ።

“ፎርጅድ ነው።”

አዮ እጃቸውን አንዴ አጨበጨቡ። “ሰማችሁ” አሉ። አስተማሪው ቀና አላለም። ያኔ ንድድ አለኝ፤ በእሳቸውም፣ በሽማግሌዎቹም፣ የተጠየቅኩትን ብቻ በመለስኩት በራሴም።

“ፎርጅድ ነው አልኩ እንጂ ተቀይሯል አላልኩም” አልኩ። “ድሮውንም ፎርጅድ ቢሆንስ?”

“ልጄ ዋሽቶኛል ነው የምትዪኝ?”

“እሱ አልዋሸም አዮ። የሸጠለት አታልሎት ይሆናል።”

“ወገንሽን ልታወጪ ነው” አሉኝ።

ያልተባለው ወጣ። ከበሩ ውጭ አንድ ባጃጅ እያጓራ አለፈ። ሽማግሌው ነገሩን ለማብረድ፣ “እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ እናሳድረው” አሉ።

“እስኪጠራ እሱ የት ይደር?” አልኳቸው። እንዲህ ዓይነት መልስ ለሽማግሌ አይሰጥም፤ ግን ሰጠሁ።

መልስ ሳልጠብቅ ብሎኑን ፈታሁት። እንደገመትኩት የአምራቹ ስም የለበትም፤ መሃሉ ላይ እንደ ሬንጅ የፈሰሰ ጥቁር ነገር ተለጥፏል። የፈለግኩት ግን ሌላ ነው። በእንዲህ ዓይነት ካሴት ውስጥ ሰው የተጫወተው እንዳይጠፋ የሚጠብቅ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ክብ ባትሪ ትኖራለች። ልጁ ተጫውቶበት ከሆነ ምልክቱ በእሷ ኃይል አለ። ባትሪዋን አየኋት። አንደኛው እግሯ ብየዳው ለቆ እንዲሁ ተደግፋ ቆማለች። ለዓይን ጥቅሻ ያህል ብትነሳ ያለው ሁሉ ይሰረዛል፤ ካሴቱ ልጁንም አስተማሪውንም አያውቅም ማለት ነው።

አውራ ጣቴን ጫንኩባት።

“እስቲ ልየው” ብለው ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ።

“አይንኩኝ አባ። ጣቴ ከተነሳ ምስክር የለንም።”

እጃቸውን ሰበሰቡ። የብየዳ ካውያ አላመጣሁም፤ ባመጣም መብራት የለም። በግራ እጄ ካሴቱን እንደተከፈተ አዮ ይዘውት በመጡት ጌም ላይ ሰካሁት። አዮ ድንጋዮቹ እንዳይፈሱ ብለው አውጥተዋቸው ስለነበር፣ ሽማግሌው ከትንሿ ራዲዮናቸው ሁለት ድንጋይ ፈልቅቀው አመጡ። የሚያስገባ እጅ አልነበረኝም። አስተማሪው ተነስቶ ሊያግዘኝ ሲል አዮ፣ “እሱ አይንካው” አሉ። ተመልሶ ተቀመጠ። ድንጋዮቹን ያስገቡት ሽማግሌው ናቸው፤ አንዷን ሁለቴ ጣሏት። ጣቴ ያልበኝ ጀመር፤ ላብ ደግሞ ያንሸራትታል።

ከፈትኩት። ሙዚቃው ጮኸ። ያለው ተሰርዞ ከሆነ “አዲስ ጀምር” ብቻ ይላል። ከላዩ ሌላ መስመር ካለ ግን “ቀጥል” ይላል። ሌላ መስመር ነበር። ተጫንኩት፤ ስም መጣ። የማላውቀው ስም ነው፤ ፊደሉን እየለቀምኩ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

አዮ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ልጃቸው ቤት ውስጥ እሳቸውን የሚጠራበት የቁልምጫ ስም ነበር።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ “ተከራይ ነው፤ ስሙን ሰምቶ ሊጽፈው ይችላል” አሉ። ተናደድኩባቸው እንጂ ያሉት ልክ ነበር። ከስሙ ሥር ግን ጨዋታው የወሰደው ሰዓት ተጽፏል፤ ከሁለት መቶ በላይ።

“ካሴቱ እሱ ዘንድ የቆየው አንድ ሳምንት ነው” አልኩ። “ሳይተኛ፣ ሳይበላ ቢጫወት እንኳ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት መቶ ሰዓት የለም። ይህ የልጅዎ ካሴት ነው አዮ። አልተቀየረም።”

ሽማግሌው በጣታቸው ቀኑን በሰዓት አባዙት፤ ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ “ዱጋ ዳ” አሉ፤ እውነት ነው።

አዮ ተነስተው አስተማሪው ጉልበት ላይ ሊወድቁ ሲሉ ቀድሞ ያዛቸው። “ይቅር በለኝ ልጄ” አሉት። “ይቅር ለእግዚአብሔር” አላቸው። ሽማግሌው ጸለዩ፤ ሁሉም አሜን አለ። እኔ ጣቴን እንደጫንኩ አሜን አልኩ። በኋላ ባትሪዋን በፕላስተር አሰርናት፤ መብራት ሲመጣ ሱቄ ውስጥ ጌሙን ሳላጠፋ በየድኳት። ያን ሳምንት ደረቴን ነፍቼ ነው የሄድኩት። ሰው አድኛለሁ ብዬ አምኜ ነበር።

አስተማሪው ቤቱን አልለቀቀም። አዮም እንደ ድሮው ልጄ ይሉታል። ትምህርት ቤት ለክረምት ሲዘጋ አንድ ጠዋት የጠገንኩላቸውን ቻርጀር ይዤ ግቢያቸው ገባሁ። እሱ ወደ ጎጃም ሊሄድ ተነስቷል። አዮ መንገድ ላይ የሚበላውን ቆሎ ሰጡት፤ ተቀበለ፤ አመሰገነ። ከዚያ ቦርሳውን እግራቸው ሥር አስቀምጦ ዚፑን ከፈተ። ሸሚዞቹን አወጣ፤ መጻሕፍቱን አወጣ፤ ጫማውን አወጣና ውስጡን ወደ እሳቸው አዘንብሎ አሳየ።

“ምን እያደረግክ ነው?” አሉት።

“እንዲያዩልኝ ነው አዮ።” ቁጣ የለበትም። ደህና ዋሉ እንደሚል ሰው ነው ያለው።

“ማን ጠየቀህ? ዝጋው።”

አልዘጋውም። ቦርሳውን እንደከፈተ ጎንበስ ብሎ ጠበቃቸው። እኔ ቻርጀሩን ይዤ ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርኩ። በመጨረሻ አዮ ጎንበስ ብለው ውስጡን አዩ።

“አየሁ” አሉት።

ዕቃውን መልሶ ከተተ፤ ጉንጫቸውን ስሞ ወጣ።