የተገለበጡት ሳንቃዎች

ሰፈሩ ልብስ ሰፊዋን «መርፌ» ይላታል። ለቅጥነቷ ነው የሚሉ አሉ፤ ምላሷን የቀመሱት ግን ሌላ ምክንያት ይሰጣሉ። የምትኖረውም የምትሠራውም በአሮጌው የድንጋይ ሕንፃ ፎቅ ላይ ነው። አንዱን ክፍል የስፌት መኪናዋ፣ ካውያዋና የጨርቅ ቁርጥራጭ ሞልተውታል፤ ሌላው የእናቷ ነው።

እናቷ ከዚያ ፎቅ ከወረዱ ቆይተዋል። የደረጃው ሳንቃዎች በእግር ብዛት መሃላቸው ተበልቶ ጎድጉደዋል፣ መደገፊያውም ከወለቀ ዘመን አልፎታል። አንድ ዝናባማ ቀን አዳለጣቸውና ወገባቸውን ተጎዱ። ወገባቸው ዳነ፣ ፍርሃቱ ግን አልለቀቃቸውም። ከዚያ ወዲህ ውሏቸው መስኮቱ ሥር ሆነ። መርፌም ለጉዳይ ካልሆነ አትወርድም ነበር፤ እናቷን አስቀምጣ ታች ቆሞ መጨዋወት ነውር ይመስላታል።

ክፋቱ፣ ከመስኮቱ የሚታየውም እያለቀ መጣ። ሰዓት ጠጋኙ ዕቃውን ጭኖ ሄደ፣ ዳቦ ቤቱ ተዘጋ፣ ጫማ ሰፊው በሩን እንደቆለፈ ቀረ። የመርፌ ደንበኞችም ደረጃውን እየፈሩ፣ «ታች ወርደሽ ብትቀበይን ምን አለ?» ማለት ጀመሩ፤ ኋላ እሱንም ተዉት። የቀሯት የሸሚዛቸው ኮሌታ ሲነትብ የሚያመጡላት፣ አዲስ ለመግዛት አቅም የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ኮሌታውን ተርትራ ትገለብጠውና ያልተበላውን ገጽ ወደ ውጭ አድርጋ መልሳ ትሰፋዋለች። ሰውየው አዲስ ሸሚዝ የለበሰ ያህል ደረቱን ነፍቶ ይወርዳል፣ ደረጃው ካልጣለው።

ስለዚህ መንገዱ ከነአሮጌ ሕንፃዎቹ ይፍረስ ወይስ ይጠገን ተብሎ ሰፈሩ ሲሰበሰብ፣ ይፍረስ ብላ መጀመሪያ እጇን ያወጣችው እሷ ነበረች። ለሚነሱት ሰዎች ከከተማው ዳር ደረጃ የሌለው ቤት ይሰጣል ተብሏል። ሌላው ሁሉ አላጓጓትም። እናቷ በገዛ እግራቸው ከበር እንዲወጡ ብቻ ነበር የፈለገችው።

«ታሪክ ነው ትላላችሁ» አለች ስብሰባው ላይ። «ታሪኩ እናቴን ታች ያድርስልኝና እሰግድለታለሁ።»

ሰዉ ሳቀ፤ ሲወሰን ግን የሷ ወገን ተሸነፈ። መንገዱ ተጠግኖ ይቆይ ተባለ። መርፌ ያን ሰሞን ሰላምታ ነፈገች። እናቷ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ጥገና ደግሞ መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚያልቅ ማን ያውቃል?

ሥራውን የምትመራው ወጣት መሐንዲስ በመጣች ቀን፣ መርፌ ደረጃው አናት ላይ ወገቧን ይዛ ጠበቀቻት።

«ከየት ልትጀምሩ ነው?»

«ከፊት ለፊቱ፣ እትዬ። መስኮቶቹን፣ በረንዳውን፣ ከዚያ ቀለሙን። መንገደኛው ሲያየው ደስ እንዲለው።»

«መንገደኛው መንገድ አያጣም። እኔ ቤት መንገድ ያጣ ሰው አለ፤ ነይ ላስተዋውቅሽ።»

መሐንዲሷ ግድግዳውን እየተደገፈች ወጣች። እናትየው ወንበር አስጠግተው አስቀመጧትና፣ በመስኮቱ እያመለከቱ የተዘጋው በር ሁሉ የማን እንደነበር ነገሯት፤ ማን ለጋስ እንደነበር፣ ማን ሚዛን እንደሚሰርቅ ሳይቀር። መሐንዲሷ የጎደጎዱትን ሳንቃዎች አንድ በአንድ በእግሯ እየሞከረች ወረደች። በማግስቱ አናጢው መጋዙን ይዞ መጣና ሥራው ከደረጃው ተጀመረ። መርፌ ለጠብ ያሰናዳችው ንግግር ሳይነገር ቀረ፤ ደስ ቢላትም ትንሽ ሳይቆጫት አልቀረም።

አናጢው በዕድሜ እኩያዋ የሚሆን፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። አሮጌዎቹን ሳንቃዎች እየነቀለ ግድግዳው ሥር ሲደረድር አይታ፣ «አዲሱ እንጨት የታለ?» አለችው።

«አዲስ አላመጣሁም። ይሄ እንጨት ጤነኛ ነው፤ የተበላው ከላይ ብቻ ነው።» አንዱን ሳንቃ አንስቶ ገለበጠው። ከሥር የነበረው ገጽ እግር ነክቶት የማያውቅ፣ ደልደል ያለ ነበር። «ጎድጓዳውን ወደ ታች አድርጌ፣ ከሥሩ ድጋፍ እጨምርና መልሼ እመታዋለሁ።»

መርፌ እዚያው ቁጭ ብላ መሳቅ ጀመረች።

«ምን ያስቅሻል?»

«ኮሌታ ነዋ የምትገለብጠው። ዕድሜዬን ሙሉ እንጀራ የበላሁበትን ሥራ እኮ ነው የምትሠራው። እኔ ደግሞ ይፍረስ ብዬ እጄን አወጣሁ።»

አናጢው የራሱን ኮሌታ በጣቱ ጎተት አድርጎ አሳያት። ነትቧል። «እንግዲያው ይሄን ተረከቢኛ» አላት። ያን ኮሌታ የሰፋችውን ያህል ተጠንቅቃ የሰፋችው የሙሽራ ልብስ እንኳ አልነበረም።

ደረጃው ተጠናቆ መደገፊያ ሲገባለት፣ መርፌ እናቷ ፊት ጫማቸውን ይዛ ተንበረከከች። እናትየው እግራቸውን ሰበሰቡ።

«ማን አለ ብዬ ልውረድ?»

«እማዬ፣ ደረጃው እኮ ተሠራ።»

«አየሁት፤ እጃቸው ይባረክ። ታችስ ምን አለ? የተዘጋ በር ልቆጥር ነው? እሱንማ ከዚህም እቆጥረዋለሁ።»

መርፌ ጫማውን ቦታው መለሰችና መኪናዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ደረጃ ሲሠራ ሰው የሚወርድ መስሏት ነበር።

ጥገናው ግን አላበቃም። ግንበኞቹ ልብሳቸው በተቀደደ ቁጥር ወደሷ ወጡ፤ እነሱን ያዩ የድሮ ደንበኞችም ተከተሉ። የታደሱት ክፍሎች ቀድሞ እዚያ ይሠሩ ለነበሩት በአነስተኛ ኪራይ ይሰጡ ተባለና ሰዓት ጠጋኙ ተመለሰ። ዳቦ ቤቱን ወጣት ባልና ሚስት ተረከቡት። የጫማ ሰፊው በር ግን እንደተዘጋ ነው፤ ሰውየው በሄደበት አርፏል። ቀለሙንም መርፌ እስከ ዛሬ አልወደደችውም፤ የታመመ ሰው ፊት ይመስላል ትላለች። ያም ሆኖ መሐንዲሷን ባገኘቻት ቁጥር እጇን ይዛ፣ «እንኳንም ተሸነፍኩ፣ ልጄ» ሳትላት አትለቃትም። ከልቧ ነው።

እናትየውም መስኮቱ ሥር ሆነው ጥያቄ አበዙ። የዳቦ ቤቷ ልጅ ዛሬ ምነው ዘገየች? ሰዓት ጠጋኙ ይህን ያህል የከሳው ምን ነክቶት ነው? መርፌ ሥራ በዝቶባት ለጥያቄው ሁሉ መልስ ማድረስ አቃታት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሻይ ይዛ እናቷ ክፍል ብትገባ ወንበሩ ባዶ ነው። ሻዩን እንደያዘች ወደ ደረጃው ሮጠች። የወደቀ ሰው ፈለገች፣ የለም። ተመልሳ በመስኮቱ አንገቷን አሰገገች። እናቷ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ቁራሽ ዳቦ በእጃቸው ይዘው ከሰዓት ጠጋኙ ጋር ይከራከራሉ። ጫማቸውን ራሳቸው አድርገዋል።

«እማዬ፣ ምነው ሳትጠሪኝ?»

እናትየው ቀና አሉ። ልጃቸው በሳቸው መስኮት ብቅ ብላለች። 

«አንቺስ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» አሏት። «ለኔ ብለሽ ከነበረ የተቀመጥሽው፣ እኔ ወርጃለሁ። በይ ውረጂ፣ ልጄ።»

መርፌ መኪናዋ ላይ የጀመረችውን ስፌት እንዳለ ተወችው። ሻዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ወረደች።