ሎቲና የቼስተር ቀኝ እጅ

ሎቲ ጎራል በቀላሉ ሰው አታምንም። ጎረቤቷ ነኝ፣ በአንድ ፋብሪካም አብረን አርጅተናል፤ እኔንም ቢሆን አታምነኝም። ቺካጎ ውስጥ ፒንቦል የሚባለው የመጫወቻ ማሽን በሚሠራበት በዚያ ፋብሪካ የእሷ ቦታ ሽቦ ክፍል ነበር። መስታወት በለበሰው ዘንባላ ጠረጴዛ ላይ ብረቷን ኳስ ሽቅብ የሚልኳትን ሁለት መቺዎች፣ መብራቶቹንና ደወሎቹን ከትራንስፎርመሩ ጋር የምታገናኘው እሷ ናት። እኔ ያለቀለትን ማሽን መኪና ላይ እጭናለሁ። ባሏ ቼስተር ደግሞ እያንዳንዱን ቆሞ እየተጫወተ ይፈትሻል። ሲጫወት ውሎ ደመወዙን ይበላል እያልን ስንቀናበት ኖርን።

ፋብሪካው ሲዘጋ ቼስተር ከአሮጌዎቹ አንዱን ቤቱ አምጥቶ ምድር ቤት ውስጥ አቆመው። በጡረታውም ከእሱ አልተለየም። ባለፈው የበረዶ ወራት ስትሮክ መታው። ምላሱ ተረፈ፣ እንዳውም ባሰበት፤ ቀኝ እጁ ግን ሰነፈች። የምታክመው ሐኪም ጣቶቹን በየቀኑ እንዲያሠራ ስታዘው "ቤቴ ማሽን አለኝ" አላት፤ እሷም ተስማማች። በሁለት በኩል ያሉትን ቁልፎች በሁለት እጁ እየተጫነ መቺዎቹን ማንሣት ነው፣ ሌላ ምን ይፈልጋል?

መጀመሪያ ላይ እሰየው ነበር። ከፋሲካ በኋላ ነገሩ ተበላሸ። የመታት ኳስ ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ተንከባልላ ትመለሳለች።

"ጣቴ ቁልፉን አጥብቆ አይጫንም" አለ። "እጄ ሞታለች።"

ሎቲ በማግስቱ ጠዋት የማሽኑን ሆድ ከፈተች። ፊውዞቹን ነቅላ ወደ አምፖሉ አንሥታ አየቻቸው፤ በመስታወታቸው ውስጥ ያለው ሽቦ አልተበጠሰም። መልሳ ሰካቻቸው። በቴስተር ለካች፣ ቮልቱ ልክ ነው። ራሷ ስትሞክረው ኳሷ ተስፈንጥራ ጫፍ ደረሰች።

"ማሽኑ ምንም አልሆነም" አለችው።

ከሰዓት በኋላ ቼስተር ሲጫወት ደግሞ ደከመ። በሌላ ቀን ጠዋት እንደገና ከፈተች፣ እንደገና ነቅላ አየች፣ እንደገና ደህና ነው። እነዚያን ሽቦዎች ያሰሩት እሷና ጓደኞቿ ናቸውና ከዚያ በላይ መጠርጠር አልሆነላትም። ሰው የማታምነው ሴት ማሽኑን አመነችው።

ቼስተር ተስፋ ቆረጠ። ማንኪያውን ወደ ግራ እጁ አዛወረ፤ ሸሚዙን ሎቲ ትቆልፍለት ጀመር። ጣቶቹን ማሠራቱንም ተወ። ሎቲ አጥራችን ላይ ተደግፋ "ሐኪሟ እጁ አሁን ካልሠራች እንደዚሁ ትቀራለች ብላለች፤ ምን ላድርገው?" ስትለኝ ዐይኗ ቀልቶ ነበር። እኔ የማጽናናት ነገር አላውቅበትም።

ብዙም ሳይቆይ ቼስተር "ማሽኑን ውሰደው" አለኝ። "ሳየው ያናድደኛል።"

አልዋሽም፣ ልቤ በደስታ ዘለለ። ያን ማሽን ስመኘው ስንት ጊዜዬ ነው! ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፒካፕ መኪናዬን በራቸው ላይ አቆምኩ።

ሎቲ ወጥ ቤት ቆማ ፒሮጊ የሚሉትን የፖላንዶች ሳምቡሳ ትጠብሳለች። ለሰላምታዬ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ቼስተር "ልሰናበተው" ብሎ ወርዶ ይጫወታል። እኔም ቢራዬን ይዤ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ከታች ጧ! ጧ! ይላል። ቆየት ሲል ድምፁ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ። ሎቲ ማገላበጧን አቆመች።

"ሰማህ?"

"ምኑን?"

"ዝም በል እስቲ!" መጥበሻውን ከእሳቱ አወረደች። "አሁን የመታው ግራው መቺ ነው፤ ድምፁን አውቀዋለሁ።"

"እና?"

"እናን ምን አመጣው! ግራውም ደክሟል እኮ! ቀኝ እጁስ እሺ፣ ትድከም። ደህናዋን ግራ እጁን ምን ነካት?"

ያን ሁሉ ጊዜ ሁላችንም ስናይ የነበረው ቀኝ እጁን ነው። እሱ ራሱም ጭምር።

በዚያ ዕድሜዋ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች፤ እኔም ተከተልኳት።

"ዞር በል አንተ ሰውዬ!"

"ምን ሆነሻል ሴትዮ? ገና አልጨረስኩም!"

ሶኬቱን ነቀለች፣ ክዳኑን አነሣች፣ የመቺዎቹን ፊውዝ ስትነካ ጣቷን መንጭቃ ወደ አፏ ወሰደች።

"ውይ! አቃጠለኝ!"

ጥፋቱ የፊውዙ አይደለም፤ ግራና ቀኝ ቆንጥጦ የሚይዘው መያዣ ጥፋት ነው። በምድር ቤቱ እርጥበት ዝጎ ላልቷል። ጨዋታው ሲረዝም መያዣው ይግላል፣ ኃይሉ እዚያው ይባክናል፣ ለመቺዎቹ የሚደርሳቸው ትራፊው ነው። መብራቶቹ በሌላ ፊውዝ ስለሚሄዱ ቦግ እንዳሉ ናቸው፤ ማን ይጠረጥራል? ሎቲ ደግሞ ሁልጊዜ የምትከፍተው ጠዋት፣ ማሽኑ ቀዝቅዞ ሳለ ነው። ፊውዙን ስትነቅልና ስትሰካ ዝገቱን ሳታውቀው ትፍቀዋለች፤ ማሽኑ ለጊዜው ይድናል። እሷ ትለካና ደህና ነው ብላ ትወጣለች።

ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። "እኔ ነኝ" አለች። "ደህና ነው፣ ደህና ነው እያልኩ እጅህን የገደልኳት እኔ ነኝ።"

"አልቃሻ" አለ ቼስተር። "ተነሺና ሥራሽን ጨርሺ።"

እኔ ባትሪ አበራሁላት፤ አሮጌውን መያዣ በብየዳ ካውያ አላቅቃ ከዕቃ ሣጥኗ ያወጣችውን አዲስ ተከለች። ቼስተር ቆመ። ጧ! አንድ ጨዋታ ተጫወተ፣ ደገመ፣ ሠለሰ፤ መቺዎቹ አልደከሙም። በግራ የመታት ኳስ ሽቅብ ትከንፋለች። በቀኝ በኩል የመጣችው ግን አመለጠችው። ሌላዋም አመለጠችው። መቺው በሙሉ ኃይሉ ይነሣል፣ ኳሷ ግን ቀድማ አልፋለች። ከእንግዲህ የሚሳበብበት ማሽን የለም።

እጁን አገላብጦ አያት።

"ዘገየች እንጂ አልሞተችም" አለ። ወደ እኔ ዞረ። "ወዳጄ፣ መኪናህን ይዘህ ሂድ። ዛሬ የሚጫን የለም።"

"ቃል ማለት እንዲህ ነው?"

"እንዲህ ነው።"

ተናድጄም ነበር፣ ደስም ብሎኝ ነበር፤ ሁለቱም እውነት ነው።

"ሎቲ፣ ነይ" አለ። "ይቺን ግራ እጄን ያዢልኝ፤ ጣልቃ እየገባች አስቸገረችኝ። በቀኟ ብቻ ልጫወት።"

ሎቲ ዐይኗን ጠረገች። አጠገቡ ቆማ ግራ እጁን በሁለት እጇ ያዘች። እኔ ስወጣ ኳሷ አሁንም አሁንም ትወድቃለች፤ ሎቲ ግን የያዘችውን እጅ አለቀቀችም።