ጆሮዬን ያልነካሁ ቀን

ዛሬ ነፋስ ስልክ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ፣ ቅጽ የያዘች መምህርት አራት ዓመት የሆናትን የልጅ ልጄን በአምስት ደቂቃ ፈትና «ንግግር ላይ ወደኋላ ቀርታለች» አለችኝ።

ደሜ ፈላ።

በደርግ ጊዜ እናቴ እዚሁ ሰፈር ትምህርት ቤት ልታስመዘግበኝ ወሰደችኝ። የልደት ካርድ ማን ነበረው? ለትምህርት መድረሳችን የሚለካው በክንድ ነበር።

መዝጋቢው «ቀኝ እጅሽን በራስሽ ላይ አሳልፊና ግራ ጆሮሽን ንኪ» አለኝ። ሞከርኩ፤ አልነካሁም።

«ገና ናት፤ ለከርሞ!»

እናቴ «ጓድ፣ ልጄ የምትማረው በክንዷ ነው?» ብላ በሩ ላይ ቁጭ አለች። ፊደል ሳያስቆጥረኝ ንቅንቅ አልልም አለች። ሲጨንቀው አስቆጠረኝ። ከሀ እስከ ፐ ወረድኩት፤ መዘገበኝ።

(ክንዴ ዛሬም አጭር ነው። ዲግሪ ከመጫን ግን አላገደኝም።)

እና ዛሬ እኔም ወንበሩ ላይ ተደላደልኩ። ልጅቷን «መምህርቷ ስትጠይቅሽ ምነው ዝም አልሽ የኔ ቆንጆ?» አልኳት።

«እማማ፣ የሷን ስም ሳትነግረኝ የኔን ትጠይቀኛለች!»

«በይ ይኼንንም ቅጹ ላይ ጻፊው» አልኳት ለመምህርቷ።

እናንተስ፣ ጆሯችሁን አልነካችሁም ተብላችሁ የተመለሳችሁ አላችሁ? በሩ ላይ ማን ተቀመጠላችሁ?