ተመትቶ ይቅርታ መጠየቅ

ባሌ የግራ ጆሮ ግንዴን በጥፊ ብሎኝ ገዴራ ከተማ እህቴ ቤት በሸሸሁ በአራተኛው ቀን፣ ሦስት ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን መጡ። እሱንም ከቅርያት መላኪ ይዘውት ነው የመጡት። እህቴ ሳሎን ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ነገሩ ተሰማ፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እሱም አልካደ። አንጋፋው ሽማግሌ «በል እንግዲህ፣ ተነሥና ይቅርታ ጠይቃት» አሉት።

ተነሣ። «አጥፍ...» ከማለቱ እኔ ከወንበሬ ተስፈንጥሬ፣ እግሩ ላይ ወድቄ ጉልበቱን ሳምኩት።

አዎ፣ እኔ! ጆሮዬ ገና ይጮሃል፣ ጉንጬ እንዳበጠ ነው፣ «ይቅር በለኝ» የምለው ግን እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው። «እሰይ! የጨዋ ልጅ እንዲህ ናት!» ብለው መረቁኝና ለእሱ ያዘጋጁትን ተግሣጽ ሁሉ ትተው ተነሡ። እሱም ይቅርታውን ሳይጨርሰው ቀረ።

እህቴ ወጥ ቤት ጎትታ አስገባችኝ።

«ዳይ! በቃ! ምን ነክቶሻል አንቺ? ማን ነው የመታው፣ ማን ነው የተመታው?»

«ነገሩ እንዲበርድ ብዬ ነው።»

«ለማን ነው የሚበርደው?»

ልብሴን ሰብስቤ ከባሌ ጋር በአውቶቡስ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

እህቴ ብትናደድ አይፈረድባትም። ጎንደር ገጠር ሳለን እናታችን ስትሞት፣ እሷን አክስታችን ወሰደቻት፣ እኔን አጎታችን። እሷ ስታጠፋ ትመከር ነበር። አጎቴ እኔን በጠፍር ነበር የሚገርፈኝ። ወተት ቢደፋ እኔ ነኝ፣ ጥጃ ቢያመልጥ እኔ ነኝ፣ ዝናቡ ቢዘገይም ከእኔ ራስ አይወርድም። መግረፉ አንሶት ደግሞ፣ ሲጨርስ ጉልበቱን ስሜ ይቅርታ እንድጠይቀው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ከዘገየሁ እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ መፍጠን ተማርኩ። ኋላ ኋላማ ገና ጠፍሩን ሲያነሣ ሮጬ መሳም ጀመርኩ፤ አንዳንዴ ይተወኛል፣ አንዳንዴ አይተወኝም። ሰባት ዓመት ሙሉ የተማርኩት ይህንኑ ነው። እዚህ አገር ስመጣ ያስተማሩኝን ዕብራይስጥ እንኳ እንዲህ አድርጌ አላጠናሁትም።

እዚህም ቢሆን ያው ነኝ። ያቭነ ከተማ በምሠራበት አትክልት ማሸጊያ፣ ሰው ሣጥን እግሬ ላይ ሲጥል «ስሊሐ» ብዬ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ። አለቃው በአንድ ሳምንት ውስጥ ነቃብኝ። ማንም የማይፈልገው ማቀዝቀዣ ክፍል የእኔ ሆነ፤ ሲጮህብኝም «ቤሰደር፣ እሺ» እያልኩ አንገቴን እደፋለሁ። እንዴት እንደሚያውቁት ነው እኮ የማይገባኝ! ያ ሰው ጎንደርን በካርታ እንኳ አያውቃትም፣ አጎቴን በዓይኑ አላየውም፤ ነገር ግን አጎቴ ካቆመበት ቀጠለ።

ዓመት ሳይሞላ ባሌ ደገመው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። የዚያን ጊዜ ቀኝ ጆሮዬ ደማ። ክሊኒኩ ማኅበራዊ ሠራተኛ ዘንድ ላከኝ። «በልጅነቱ ሲመታ ያደገ ሰው ትልቅ ሲሆንም የሚመታው ሊገጥመው ይችላል፤ ጥፋቱ ግን የመቺው ነው» አለችኝ። እሺ፣ ገባኝ። ጭንቅላቴ ድሮም ይገባዋል፤ ለእግሬ ማን ይንገርልኝ?

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ፤ አሁን እኔው ቤት፣ ቅርያት መላኪ። እህቴ ከገዴራ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እንዳልነሣ ቀሚሴን ከኋላ ጨብጣ ይዛለች። እኔም ቆርጫለሁ። ዛሬ አልስመውም፤ ከቤቴ ይውጣልኝ። ከሳምኩት ደግሞ ሦስተኛ ጆሮ ከየት አመጣለሁ?

አንጋፋው ሽማግሌ እንደ አምናው «በል ተነሥ» አሉት። አልተነሣም። እግሩን አንፈራጦ እኔን ይጠብቃል። እኔ ከወንበሬ አልተነቃነቅኩም። ትዕግሥቱ አለቀ።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ተነሽ እንጂ!» አለኝ፣ በሰው ሁሉ ፊት።

አንጋፋው ሽማግሌ አንገታቸውን ደፉ። አምና የመረቁት ምን እንደነበረ ያኔ የገባቸው ይመስለኛል።

እግሬ ግን ተነሣ! ስንት ቀን ስለምነው፣ ስመክረው የከረምኩት እግር፣ ትእዛዝ ሲሰማ ብድግ አለ። እህቴ የያዘችው ቀሚስ ከእጇ አመለጠ። እንዴት እንደተናደድኩ! በባሌ አይደለም፣ በገዛ እግሬ ነው የተናደድኩት። መሐል ሳሎን ቆሜያለሁ፤ ሁሉም ያየኛል፤ እሱ ጉልበቱን አመቻችቶ ይጠብቀኛል።

ከተነሣሁ አይቀር ብዬ፣ በአጠገቡ አልፌ ሄጄ በሩን ከፈትኩለት።

«ያላ፣ በል ውጣ» አልኩት።

ዞሮ ሽማግሌዎቹን አያቸው። አንዳቸውም አልተናገሩለትም። የበሩን እጀታ እንደያዝኩ፣ ወጥቶ እስኪያልቅ ድረስ ቆምኩ።