ማቆያው ላይ የተለጠፈው ፓምፕ

የውሃ ባለሙያው እጁ የተባረከ ሰው ነበር። ነበር ስላችሁ ሞቷል እንዳትሉ፣ ሰውየውስ አለ፤ እጁ ነው የሞተው። በጉብዝናው ጊዜ የተበላሸ የእጅ ፓምፕ ካየ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ብረቱ ላይ ይለጥፍና በሽታውን ሳይፈታው ይነግራችሁ ነበር። ታዲያ ጉብዝናው ጦስ ሆነበት። ጎበዝ ሰው መሥሪያ ቤት ውስጥ ምን ይደረጋል? ይሾማል። ተሾመ። ከዚያ ወዲያ መፍቻ የጨበጠበትን ቀን እሱም አያስታውስ። የሚጨብጠው እስክሪብቶ፣ የሚሄደው ሥልጠና ሆነ።

ሥልጠና ስላችሁ ደግሞ የዓመት ትምህርት እንዳይመስላችሁ። አጭር ናት። ሰኞ ትጀመራለች፣ ዓርብ ይጨበጨብላታል። የልማት ሥልጠና ትባላለች፤ ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች ያስቧታል፣ እዚህ የሆቴል አዳራሽ ውስጥ ትሰጣለች። እኔ ፊደል ባልቆጥርም ቆጥረው ከጨረሱት ጋር ስቀመጥ ነው ያረጀሁት፤ እንዲህ ያለች ብዙ ወላጅ ያላት ልጅ ግን አይቼ አላውቅም።

አንድ ልብስ ሰፊ አውቅ ነበር፤ መቼም እኔ የማላውቀው ሰው የለም። እንዴት ያለ መቀስ ገዛ መሰላችሁ! ከማማሩ የተነሳ ጨርቅ ሊቆርጥበት ሳሳ። ጠዋት ጠዋት ይስለዋል፣ ይወለውለዋል፣ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ያየዋል። ደንበኛው ሁሉ ጨርቁን እየጠቀለለ ሄደ። መቀሱ ግን እስከ ዛሬ ጺም ይላጫል። የውሃ ባለሙያውንም መሥሪያ ቤቱ ልክ እንደዚያ መቀስ ስሎ ስሎ ሰቀለው።

ይሄ ሁሉ ግን ቀልድ ነበር፤ ፓምፑ እትዬ ደጃፍ እስኪተከል ድረስ።

እትዬ ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስታርፍ እሱ ገና ጥርሱን አልነቀለም ነበርና ያሳደገችው እሷ ናት። ከወንዙ ማዶ፣ ከዳገቱ ራስ ላይ ነው ቤቷ። መሥሪያ ቤቱ ፓምፕ መትከያ ቦታ ሲለምን ጎረቤቱ ሁሉ አንገቱን ደፋ። “እነዚህ ሰዎች ተክለው ይጠፋሉ” አሉ። እትዬ አትክልት የምትተክልበትን ማዕዘን ቆርሳ ሰጠችና እንዲህ አለች፦ “የሚተክለው ወንድሜ ነው! እሱ ውሃ ካላጠጣችሁ ዓይኔን እንዳታዩት!”

ፓምፑ ተተከለ። ተሞከረ፣ ውሃው ፏ አለ፣ እልል ተባለ። ወዲያው ደግሞ እጀታው በሰንሰለት ታስሮ ተቆለፈ። ቁልፉ የውሃ ባለሙያው ኪስ ገባ፣ ከቤቱ ቁልፍ ጋር አብሮ ይንቀጫቀጭ ጀመር።

ለምን ተቆለፈ? ሕግ ነዋ። ድሮ አንድ ሌላ መንደር ኮሚቴው ሳይሠለጥን ፓምፕ ተከፍቶ፣ እጀታው ተገንጥሎ፣ የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ የበላዮቹ ተቆጥተውታል። ከዚያ ወዲህ የውሃ ኮሚቴው ሳይሠለጥን ፓምፕ አይከፈትም። ኮሚቴውን የሚያሠለጥነው የውሃ ባለሙያው ነው። እሱ ደግሞ ለማሠልጠን መጀመሪያ መሠልጠን አለበት። ሄደ፣ ሠለጠነ፣ ተጨብጭቦለት መጣ። ሲመጣ የሥልጠናው ስም ተቀይሯል። የቀድሞው “ተሳትፎ” ነበር፣ አሁን “አቅም ግንባታ” ሆኗል። እሱንም ሠልጥኖ ሲመለስ “ዘላቂነት” ሆኖ ጠበቀው።

“አለቃ፣ ውሃ እኮ ነው” አለው ኃላፊውን። “ውሃ አሮጌና አዲስ የለውም።”

“ይገባኛል። ግን ማኅበረሰቡ የባለቤትነት ስሜት ሳይኖረው ብንከፍት ነገ ይሰብረዋል።”

የውሃ ባለሙያው ይሄንኑ ሄዶ ለእህቱ ነገራት። ምን ያድርግ?

“የባለቤትነት ስሜት?” አለች እትዬ።

“አዎ እትዬ።”

“ቁልፉ ማን ኪስ ነው ያለው?”

“እኔ ኪስ።”

“እንግዲያው ስሜቱም እዚያው ይሆናል፤ ኪስህን በደንብ ፈትሽ።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈርተኛው ለውሃ ባለሙያው “ሥልጠናው” የሚል ስም አወጣለት። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን አዝለው በተቆለፈው ፓምፕ አጠገብ ወደ ወንዝ ሲወርዱ፣ “ሥልጠናው ዛሬም አልተመለሰም?” እያሉ ያልፋሉ። እትዬ ከቤቷ ሆና ትሰማለች። ኋላ ኋላ እሱንም ተዉት፤ ዝም ብለው ማለፍ ጀመሩ። እሷን ዝምታቸው ነው የገደላት።

አሁን ወደ መጨረሻዋ ሥልጠና እንምጣ። ሰኞ ጠዋት ነው። አዳራሹ ውስጥ ትልልቅ ሰዎች፣ የልጅ አባቶች፣ ራሰ በራዎች በክብ ቆመው በአንድ እግራቸው ይዘላሉ፣ ያጨበጭባሉ። ማነቃቂያ ይባላል። የውሃ ባለሙያው ተነቃቅቶ ተነቃቅቶ ሊወድቅ ሲል ስልኩ ኪሱ ውስጥ ተንቀጠቀጠና ወደ ኮሪደር ወጣ።

“ሃሎ፣ አንተ ሥልጠናው!”

“እትዬ፣ አንቺም ጀመርሽ?”

“ዝም በልና ስማ። ዛሬ ወንዝ ስወርድ አንሸራትቶኝ ጉልበቴ እንደ ቅል አብጧል። እሱስ ይድናል። ጎረቤት ግን ሰላምታ ነፍጎኛል። ቅዳሜ ሰንሰለቱን በድንጋይ ሊሰብሩት መክረዋል። የሰፈራችን አናጢ ድንጋዩን ሁሉ መርጧል። ከመጣህ ከዚያ በፊት ና። ካልመጣህ እኔም ድንጋዬን ይዤ እወጣለሁ፤ የኔ ድንጋይ ግን ፓምፑን አይደለም የሚመታው።”

የውሃ ባለሙያው ያን ብረት ያውቀዋል። በድንጋይ አንድ ጊዜ ከተመታ የፓምፑ ራስ ይሰነጠቃል። ከተሰነጠቀ መሥሪያ ቤቱ “ማኅበረሰቡ ሰበረው” ይልና ፊቱን አዙሮ ላይመለስ ይሄዳል። እትዬ መሬቷንም ቃሏንም አጥታ በዚያ ጉልበቷ ዳገት ስትወጣ ስትወርድ ልትኖር ነው።

ተመልሶ እጁን አወጣ። አሠልጣኟ ደግ ልጅ ናት፣ ድምፅዋ ማር፤ ተቆጥታ አታውቅም። የሚያናድደውም ይኸው ነው።

“አንድ ፓምፕ አለ” አለ። “ተቆልፏል። ሰዎቹ ከቅዳሜ ወዲያ አይጠብቁም። ምን ላድርግ?”

“በጣም ጠቃሚ ነጥብ ነው! ስላካፈሉን እናመሰግናለን። እናጨብጭብላቸው!” ተጨበጨበ። “ከዛሬው ርዕስ ትንሽ ወጣ ስለሚል ማቆያው ላይ እንለጥፈዋለን።”

ማቆያ ማለት ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ ትልቅ ወረቀት ነው። ከፕሮግራሙ ውጪ የሆነ ጥያቄ በካርድ ይጻፍና እዚያ ላይ ይለጠፋል፤ ጊዜ ሲገኝ ይታያል። ጊዜ ተገኝቶ አያውቅም። ማክሰኞ ደግሞ ጠየቀ፣ በቢጫ ካርድ ተለጠፈለት። ረቡዕ ጠየቀ፣ በአረንጓዴ። ያ ምስኪን ፓምፕ መሬት ላይ መቆለፉ ሳያንሰው ግድግዳ ላይም ተቆለፈ።

ኃላፊው ጋ ደወለ። “አለቃ፣ ለግማሽ ቀን ወጥቼ ልመለስ።”

“ከወጣህ ሥልጠናው ይሰረዛል። ከመጀመሪያው ትጀምራታለህ።”

እኔ ብሆን በመስኮት ዘልዬ ነበር። በወጣትነቴ ስንቱን አጥር ዘልያለሁ፣ አንዱማ የውሻ አጥር ነበር፤ እሱን ሌላ ቀን። የውሃ ባለሙያው ግን ደሞዝተኛ ነው፤ ደሞዝተኛ መስኮት የሚያየው ለአየር ብቻ ነው። ተመልሶ ተቀመጠ። ካርዶቹን አያቸው፣ እነሱም አዩት።

ሐሙስ የመስክ ጉብኝት ነው ተባለ። ሠልጣኞቹ አውቶቡስ ተሳፍረው ወጡ። አውቶቡሱ ድልድዩን ተሻግሮ ዳገቱን ሲይዝ የውሃ ባለሙያው ወዴት እንደሚሄዱ ገባው። በእግሩ ሲመላለስበት ያደገው የእትዬ ሰፈር መንገድ ነው።

ሴቶቹ ዛፉ ጥላ ሥር ተሰብስበው ጠበቋቸው። አናጢውም ግንዱን ተደግፎ ቆሟል። እትዬ ጉልበቷን በነጠላ ጨርቅ ጠፍራ፣ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ወንድሟን አየችው። አላየሁም አለች።

“እኛ ዛሬ የመጣነው ልንሰማ ነው” አለች አሠልጣኟ። “ቃል አንገባም፣ ምንም አንነካም። አስተማሪዎቻችን እናንተ ናችሁ። እስቲ ሰፈራችሁን መሬቱ ላይ ሥሉልን።”

ሴቶቹ በእንጨት ጫሩ። ቤቱን በቅጠል፣ ወንዙን በአመድ፣ ፓምፑን በጭራሮ አሳዩ።

“ግሩም! አሁን ደግሞ ውሃው ላይ የሚወስነው ማን ነው? በድንጋይ አሳዩን።”

እትዬ አንድ ድብልብል ድንጋይ አነሳች፣ አገላብጣ አየችውና ከጭራሮው አጠገብ ቁጭ አደረገችው።

“ይሄ ማን ነው እናቴ?”

“ወንድሜ ነው።”

“የት ነው የሚኖሩት?”

“ሥልጠና።”

ሳቁ ዛፉን አነቃነቀው። እትዬ አልሳቀች። “አሁን ግን እዚህ አለ። ያውና፣ ወረቀት ታቅፎ። ወፍሯል፤ ዝላዩ ተስማምቶታል።”

“ይሄ እኮ ድንቅ ነው!” አለች አሠልጣኟ ዓይኗ እያበራ። “ውሳኔ በማን እጅ እንደሆነ በአንድ ድንጋይ አሳዩን! ፎቶ አንሱት። እርስዎ ካርድ ላይ ይጻፉልን።”

እርስዎ የተባለው እሱ ነው። የውሃ ባለሙያው ካርዱን አየ። ሰማያዊ ነው። ወረቀቱን ለአሠልጣኟ አሸክሟት ኪሱ ገባ፣ ቁልፉን መዞ ወደ ፓምፑ ሄደ።

“ኧረ አይንኩ! ዛሬ መስማት ብቻ ነው!”

“ሰማሁ እኮ!” ብሎ ዞረ። “ስሰማ ነው የከረምኩት! ከዚህ በላይ በምን ጆሮዬ ልስማ?”

ሰንሰለቱ ወደቀ። እጀታውን ይዞ ወደ ታች ጫነው። ፓምፑ እንደ ሽማግሌ ሳለ። ደግሞ ጫነው። ደረቅ ሳል፣ ውሃ የለም።

“ስንጠብቅ የከረምነው ይሄን ነው?” አለ አናጢው። “ድንጋዬን ላምጣ?”

የውሃ ባለሙያው ጎንበስ አለ። ከስንት ዘመን በኋላ ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጠፈ። “ቆዳው ደርቋል” አለ። “ውስጡ ውሃውን የሚስበው ቆዳ ነው፤ ሥራ ፈትቶ ሲከርም ደርቆ ኮሰመነ። ከላይ ውሃ ልናጠጣው ነው። ውሃ ስጡኝ።”

ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ወደ ጉያቸው ሳቡ። ያለው ውሃ ጠዋት ከወንዝ በጀርባ የወጣው ነው።

“ጉድ እኮ ነው!” አለች አንዷ። “ውሃ ያጠጣናል ያልነው ውሃ አጠጡኝ አለ!”

እትዬ ዛፉን ተመርኩዛ ተነሳች። እያነከሰች ጀሪካኗን አመጣችና እግሩ ሥር አስቀመጠችው። “ይቺ ውሃ ጉልበቴ ናት” አለችው። “ብታባክናት የእናትህ ልጅ አይደለሁም።”

“እሺ እትዬ።”

አፈሰሰ፣ ጫነ። ሳል። አፈሰሰ፣ ጫነ። ሳል። አውቶቡሱ ጥሩንባውን ነፋ። አሠልጣኟ ሰዓቷን አየች፣ ለከሰዓቱ ፕሮግራም መመለስ አለባቸው። “የማይመጡ ከሆነ ቀሪ ነው የምልዎት” አለችው፣ በዚያው በማር ድምፅዋ። አውቶቡሱ ጥሎት ሄደ፤ ከአውቶቡሱ ያገኘው ጥቅም ቢኖር ሾፌሩ በመስኮት የወረወረለት መፍቻ ነው።

ኮቱን አውልቆ ዛፉ ላይ ሰቀለ። የፓምፑን ራስ ፈታ፣ ዘንጉን አወጣ፣ ቆዳውን ነቅሎ የእትዬ ጀሪካን ውስጥ በቀረው ውሃ ዘፈዘፈው። እስኪርስ መጠበቅ ነው። እህትና ወንድም ጎን ለጎን ተቀመጡ።

“ያን ሁሉ ሥልጠና ስትሄድ” አለች እትዬ፣ “ስለ ቆዳ የሚያስተምረው የትኛው ነበር?”

“ተይኝ እትዬ።”

“መዝለል ነው ያስተማሩህ?”

“ማነቃቂያ ነው የሚባለው።”

“እዚህ እግርህ ሥር ያለውን ፓምፕ አላነቃቃህ!”

ቆዳው ረጠበ፣ ለሰለሰ። እሱም መልሶ ገጠመው፣ አጠበቀው፣ እጀታውን ያዘ። ፓምፑ ሳለ። ቀጥሎ ጉረሮው ተንጎራጎረ፤ መጀመሪያ የዛገ ቀይ ውሃ ተፋ፣ ከዚያ ጠራና ፏ አለ። ማንም እልል አላለም። እልልታቸውን አንዴ ከስረውበታል። ብቻ ጀሪካን ፍለጋ ሩጫ ሆነ። አናጢው ለመስበሪያ የመረጠውን ድንጋይ ተሸክሞ መጣና ከውሃው መውረጃ ሥር ጀሪካን ማስቀመጫ አድርጎ አመቻቸው። በእትዬ አጠገብ ሲያልፍም ቀና ብሎ፣ “ጉልበትሽ እንዴት ዋለ?” አላት።

እትዬ ጉልበቷ ላይ ያለውን ጨርቅ አስተካከለች። “ደህና ነው” አለች።

የውሃ ባለሙያው ቁልፉን ከቤቱ ቁልፍ ለይቶ ሰጣት። ክር አስገብታ አንገቷ ላይ አሰረችው።

“አሁን ሥልጠናህን ስጠን” አለችው። “ሕግ ነው አላልክም?”

“በየቀኑ ቅዱ። ቆዳው እንዳይደርቅ።”

“ሌላስ?”

“ሌላ የለውም እትዬ።”

“ለዚህ ነው ወንዝ ለወንዝ ስታንከራትተን የከረምከው?”

ሰኞ ኃላፊው ጠራው። “ቀሪ ሆነሃል። ሥልጠናው ተሰርዟል፣ ዛሬውኑ ከመጀመሪያው ትጀምራለህ። የፓምፑንም ቁልፍ አምጣ።”

“እትዬ አንገት ላይ ነው።”

“ሄደህ ተቀበላት።”

“አለቃ፣ እሷን ቁልፍ ለመጠየቅ የሚሆን ሥልጠና አልወሰድኩም። እርስዎ ይሂዱ።”

ኃላፊው ስለ እትዬ ሰምቷል፤ አልሄደም። የውሃ ባለሙያው ግን ወደዚያው አዳራሽ ሄደ። በአንድ እግሩ ዘለለ፣ አጨበጨበ። ማቆያው እንደተንጠለጠለ ነው፤ ካርዶቹ ሁሉ በየቦታቸው አሉ፣ ማንም አልነካቸውም። ስልኩ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያው ከወንበሩ ሆኖ አነሳው።

“እጀታው ሲጥ ሲጥ ይላል” አለች እትዬ። “ና።”

እጁን አወጣ። “ፓምፑ ድምፅ እያሰማ ነው” አለ።

“በጣም ጠቃሚ ነጥብ ነው!” አለች አሠልጣኟ፣ እጇን ወደ ካርዶቹ እየሰደደች።

የውሃ ባለሙያው ተነሳ። ወደ ማቆያው ሄዶ የገዛ ካርዶቹን አንድ በአንድ ላጠ፣ ኪሱ ከተተ፣ ያን የሾፌሩን መፍቻ ከቦርሳው አወጣ። ሠልጣኞቹ ማነቃቂያ መስሏቸው አጨበጨቡ። ጭብጨባው ሳያልቅ እሱ በሩን አልፎ ነበር።