የጎሚስታው ደጋንና የአማቱ እጅጌ

ይሄን ካልነገርኳችሁማ ሆዴ ይፈነዳል! ቁጭ በሉና ስሙኝ፤ ቁጭ የምትሉበት ከሌለ ቆማችሁም ቢሆን ስሙኝ። ስለ ሰፈራችን ጎሚስታ ነው።

ሰውየው ጎማ ሲለጥፍ ነው የሚውለው። ሰፈሩ ግን ስሙን ረስቶ «ጥምጥም» ነው የሚለው፤ የተበላሸ ነገር ካየ በጎማ ሳይጠመጥም አያልፍማ! የማንቆርቆሪያው እጀታ ተጠምጥሟል። መነጽሩ ተጠምጥሟል። የአንዲት ጎረቤት ዶሮ እግሯ ቢሰበር እሷንም ጠመጠማት፤ ዶሮዋ ድና አሁን ስትሮጥ የሚደርስባት የለም።

የዚህ ሰው እብደት ደጋን ነው። አዎ፣ ቀስት የሚወረወርበት ደጋን! ከሱቅ የሚገዛ እንዳይመስላችሁ፤ ራሱ ነው የሚሠራው። እንጨቱን እንደ ማስመሪያ ስስ አድርጎ ይሰነጥቃል፣ በመላጊያ ይልጋል፣ ስሱን በስሱ ላይ ኮላ እየቀባ ይደራርባል፤ ከዚያ ጎበጥ ተደርጎ በተቆረጠ ወፍራም ጣውላ ላይ ያስተኛና ሁሉንም አንድ ላይ በጎማ ይጠመጥመዋል። አናጢዎች ለዚህ ሥራ በብሎን እየጠበቀ እንጨት የሚነክስ ሞርሳ ይደረድራሉ። ጥምጥም ሞርሳ ምን ያደርግለታል? ያረጀ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ይዞ ዙሪያውን እየዞረ በመቀስ ሲቆርጠው አንድ ረጅም ገመድ ይወጣለታል።

«ሞርሳ እዚህና እዚያ ነው የሚነክሰው» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው። «ጎማ ግን ሁሉንም ቦታ እኩል ያቅፋል። ኮላው በዳር በዳሩ እንደ ማር ብቅ ካለ፣ በቃ፣ እንጨቶቹ ተጋቡ ማለት ነው።»

ችግሩ ትዳሩ አይበረክትም። የመጀመሪያው ደጋን ሲሳብ ጧ! ብሎ ተበታተነ፤ አንዱ ቁራጭ እስካሁን የጎረቤት ጣሪያ ላይ ነው። ቀጣዩ የራሱን ግንባር አሳበጠው። ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ ማንም ሳይነካው፣ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ብቻውን ተላቀቀ፤ ሚስቱ ሌባ የገባ መስሏት መጥበሻ ይዛ ወጣች።

ሚስቱ መረራት። ይሄ ሁሉ ጉድ የሚሠራው ጓሮ ባለችው ትንሽ ክፍል ነው፤ እናቷ ደግሞ ከእነሱ ጋር ሊኖሩ እየመጡ ነው።

«ስማ» አለችው፣ «አሁን የምትሠራው ከተላቀቀ ክፍሏ የእማዬ ናት። ኮላህንም፣ ጎማህንም፣ እብደትህንም ይዘህ ትወጣለህ።»

«ካልተላቀቀስ?»

«ካልተላቀቀ እማዬ ሳሎን ትተኛለች። ግን ይላቀቃል።»

«በምን አወቅሽ?»

«አንተን ስለማውቅህ ነዋ!»

ጥምጥም ለዚህኛው ደጋን ያላደረገው ነገር የለም። እንጨቱን ሴት ልጁን የሚድር አባት ይመስል አገላብጦ አየ። ጎማው እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ከፋብሪካ የሚነሰነስበትን ዱቄት በሳሙና አጠበ። ኮላው ጣውላው ላይ እንዳይጣበቅ ፌስታል አነጠፈ። ቀባ፣ ደራረበ፣ ከመሀል ጀምሮ ወደ ጫፍ መጠምጠም ጀመረ።

ኮላ የተቀባ እንጨት ደግሞ ልክ እንደ እርጥብ ሳሙና ነው፤ በቀኝ ሲገፉት በግራ ይወጣል። በአንድ እጁ ጎማ ይስባል፣ በአንድ እጁ እንጨት ይይዛል፣ በጥርሱ ሌላ ጎማ ነክሷል፣ በጉልበቱ ጣውላውን ተጭኗል። ጫፉ ላይ ሲደርስ በቃ፣ ሰውነቱ አለቀበት! የሚይዝበት የቀረው የለም። ልክ ይሄኔ አማቱ ሻንጣቸውን ይዘው በሩ ላይ ብቅ አሉ። መንገድ ቀንቷቸው ቀድመው ደርሰው ነው።

«እንዴት ነህ ልጄ...»

«እማማ፣ ይያዙልኝ!» አለ ጎማውን እንደነከሰ።

«ምኑን?»

«እቺን! ጫፏን! ጫን ያድርጉልኝ፣ እንዳይለቋት!»

እሳቸው ደግሞ ደግ ሰው ናቸው፤ ሻንጣቸውን ጣል አድርገው ጫፏን ጫን! ጥምጥም ጠመጠመ። ዓይኑ ያለው ኮላው ላይ ነው፤ በዳር በዳሩ ብቅ እያለ ነዋ! ሳበ፣ ዞረ፣ ሳበ፣ ዞረ፣ የጎማውን ጫፍ በስተውስጥ ሰካና ቋጨ።

«አለቀ! ተባረኩ እማማ። አሁን ይልቀቁት።»

«እኔማ ለቅቄዋለሁ» አሉ አማቱ። «እሱ ነው እኔን ያልለቀቀኝ።»

የሹራባቸው እጅጌ ከነቁልፉ ተጠምጥሟል! ጣታቸው ወጥታለች፣ እጅጌው ግን ከደጋኑ ጋር አንድ ሆኗል።

«ሹራቡን ያውልቁታ እማማ።»

«አላወልቅም!»

«ለምን?»

«ከሥር የሌሊት ልብስ ነው ያለው! አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ሳልቀይር ነው የወጣሁት። ለልጄ ብትነግራት አልምርህም! ሹራቤንም መቀስ አይነካውም!»

ሚስቱ ከገበያ ስትመለስ ያየችውን ማመን አቃታት። እናቷና ባሏ ደጋኑን መሀላቸው አድርገው ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«እማዬ! ምን አደረገሽ?»

«ምንም። አብረን እየደረቅን ነው።»

«አንተ ሰውዬ! አሁኑኑ ፍታት!»

ጥምጥም ደጋኑን በሁለት እጁ አቀፈ። አማቱ ዞር ብለው አዩት።

«ብትፈታው ምን ይሆናል?»

ሊዋሽ ይችል ነበር። ግን ዕድሜ ልኩን ስለ ኮላ ዋሽቶ አያውቅም። «ገና ስላልያዘ እንጨቱ ይንሸራተታል እማማ። አየር ይገባበታል። ሲሳብ ይላቀቃል፣ ክፍሏም የእርስዎ ትሆናለች።»

ሚስቱ መቀሱን አንስታለች። አማቱ ክፍሏን ዞር ዞር ብለው ቃኟት። እጃቸውን ሳብ አደረጉ፤ ደጋኑ ንቅንቅ አላለም። አሁን በደንብ፣ በሙሉ ጉልበታቸው ሳቡ። ጥምጥም ከነጣውላው ተጎትቶ ጭናቸው ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«አይ፣ አትፍታው» አሉ። «እኔን እንዲህ አድርጎ የያዘ፣ እንጨት እንዴት እንደሚይዝ ሳላይማ አልቀርም።»

«እማዬ፣ ክፍልሽ እኮ ነው!»

«ክፍል እግር የለው፣ የት ይሄዳል? መቀሱን አስቀምጪና ውሃ አምጪልኝ።»

የዚያን ቀን ሰፈሩ ጉድ አየ። ኮላ ሙቀት ይወዳል፤ ስለዚህ ሁለቱ ፀሐይዋን እየተከተሉ ግቢውን ሲዞሩ ዋሉ፤ እሳቸው ከፊት፣ እሱ ጣውላውን ተሸክሞ ከኋላ። ሽንት ቤት ሲመጣማ! እሳቸው ገቡ፣ ደጋኑ ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጭ ሆነ፤ ጥምጥም በሚስቱ ትእዛዝ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እሱም አልበቃ ብሎ ባልዲ ራሱ ላይ ደፍቶ ጫፉን ይዞ ቆመ።

«ኧረ ምን እየሠራህ ነው?» ይለዋል ያለፈ ያገደመው።

«ደጋን» ይላል ከባልዲው ውስጥ።

አመሻሽ ላይ ኮላው ያዘ። ጎማው ተፈታ፣ እጅጌው ወጣ፤ አንድ ቁልፍ ግን ከነክሩ ደጋኑ ጫፍ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ጥምጥም በብርጭቆ ወረቀት ሊያነሳው ሲል አማቱ እጁን ቸብ አደረጉት። «ተወው! እኔም መኖሬ ይታወቅ።»

ሲሞርደውና ሲያለሰልሰው ሰነበተና የፈተናው ቀን ደረሰ። ሚስቱ እጇን አጣምራ ቆመች። ጎረቤቶች፣ ያለፈውን ስለሚያውቁ፣ ከውሃው በርሜል ጀርባ ሆነው ነው የሚያዩት። አጠገቡ የቆሙት አማቱ ብቻ ናቸው።

«እማዬ ዞር በይ፣ ይፈነዳል!»

«አይፈነዳም። ሲሠራ እዚያው ነበርኩ።»

ጥምጥም ሳበ። ደጋኑ ጎበጠ። ትንሽ ጨመረ። ቀጭ! አለ። ጎረቤት በሙሉ መሬት ላይ ተኛ።

«አላልኩም!» ብላ ሚስቱ አጨበጨበች።

«ትከሻዬ ነው» አለ ጥምጥም በቀጭን ድምፅ።

ለቀቀው። ቀስቱ ሽው ብሎ ግቢውን አቋረጠና፣ ለአማቱ ተገዝቶ ግድግዳው ላይ የተደገፈው አዲስ ፍራሽ መሀል ስክት አለ። ጎረቤቶች ከመሬት ቀና ቀና አሉ።

«ፍራሹ...» አለች ሚስቱ።

«ይዟል!» አሉ አማቱ እየዘለሉ። «አልተላቀቀም! ይዟል!»

በቃ፣ ክፍሏ የጥምጥም ሆነች። ግን ምን ይሆናል፣ የተበሳውን ፍራሽ ወደ ሳሎን ሊጎትት ሲነሳ እግሩ እምቢ አለው። ቀኑን ሙሉ ከእሱ ጋር ፀሐይ የተመቱ ሴትዮ እንዴት ሳሎን ይተኛሉ! ፍራሹን አዞረና ወደ ጓሮ ይዞት ሄደ። የሥራ ጠረጴዛውን ወደ ጥግ ገፍቶ አነጠፈላቸው።

«ኮላ ይሸታል እንግዲህ፣ እማማ።»

«መስኮት የተሠራው ለምንድነው ታዲያ?»

አሁን ሁለቱም እዚያው ናቸው። ጎማ የሚቆርጡት እሳቸው ናቸው፤ እሱ ሲጠመጥም ካላላ ደግሞ በማንኪያ ጣቱን ቸብ ያደርጉታል። ሚስቱ ምሳ ደረሰ ብላ ስትጣራ ሁለት ድምፅ እኩል ይመልስላታል፦ «ኮላ ቀብተናል፣ ቆይ!» ምስኪን! አንድ እብድ ከክፍሉ ላስወጣ ብላ ሁለት አፈራች።

እናንተስ? «አንዴ እቺን ያዝልኝ» ተብሎ ገብቶ በዚያው የቀረ ሰው እናንተ ቤት የለም? ኧረ አውሩኝ፣ ማን ነው? ምንስ አስያዛችሁት?